ኑግ የጠጣው ጎማ

የቫልቩ መያዣ አልሳብ አለ።

ሹፌሩ ጋሽ ይታያል ከመኪናው ሥር በጀርባቸው ተኝተው፣ አንድ እግራቸውን ከኋላ ጎማው ጋር አስደግፈው ይስባሉ። ብሩክታይት ከላይ ቆማ የሚታያት ጫማቸው ብቻ ነው። ጫማው አፈሩን ይቧጥጣል፣ ትንሽ ያርፋል፣ እንደገና ይቧጥጣል።

«አንተ ርጉም!» አሉ ከሥር። ቫልቩን ነው የሚሰድቡት። ጋሽ ይታያል ከዕቃ ጋር መጣላት ልማዳቸው ነው። ፍሬን ይሰድባሉ፣ መስተዋት ይሰድባሉ፤ ከሰው ጋር ሲጣሉ ግን ብሩክታይት አንድም ቀን አይታቸው አታውቅም።

ከመኪናው ውስጥ የእናቷ የሲስተር ስርጉት ድምፅ ተሰማ። «ይታያል፣ ውኃው እየተመለሰ ነው። መታጠቢያው ሞላ።»

«ቧንቧውን አትክፈቺው ሲስተር።»

«እኔ መቼ ከፈትኩት? ከሥር ነው የሚመጣው።»

ብሩክታይት በርከክ ብላ ወደ ውስጥ አጎነበሰች። የመያዣው ዘንግ ወደ ቱቦው ከሚገባበት ቦታ ላይ ቢጫ ነገር ዙሪያውን ደርቆ ይታያል። ሙጫ ይመስላል። ግን ሙጫ አይደለም፤ ምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

«ምን ታያለሽ?» አሉ ጋሽ ይታያል።

«ምንም» አለችና ተነሣች።

መኪናው ተራ መኪና አይደለም። ውስጡ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መታጠቢያና ሽንት ቤት አለው። ድሮ የውጭ አገር ባልና ሚስት አገር ላገር ሲዞሩበት ኖረው፣ ሲያረጁ እናቷ ለምትሠራበት ድርጅት የተዉት ነው። አሁን የሲስተር ስርጉት ቤትም ቢሮም ሆኗል። ሲስተር ስርጉት የዐይን ነርስ ናት። የዐይን ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን ለሚወጋቸው ሰዎች ከቀበሌ ቀበሌ እየዞረች ቀዶ ሕክምና ትሠራላቸዋለች። ሥራው ድንኳን ውስጥ ነው፤ መሣሪያው የሚታጠበውና የሚቀቀለው ግን መኪናው ውስጥ ነው። የመሣሪያው እጣቢ፣ የሽንት ቤቱ፣ የሰሃኑ ውኃ ሁሉ ከመኪናው ሆድ ሥር ባለ ታንከር ይጠራቀማል። ታንከሩ መውጫው አንድ ነው፤ ያው ቫልቭ። የሞጣ ልጆች ይህን ካወቁ ወዲህ መኪናውን «ሽንት ቤት ተሸካሚው» ብለው ሰይመውታል።

ከሞጣ ጤና ጣቢያ አጥር ጥግ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ከጠዋት ጀምሮ የመጡ ሕመምተኞች ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ይጠራርጋሉ። ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ።

ነገሩ የተበላሸው ቢቸና ላይ ነው።

ብሩክታይት ከእናቷ ጋር እንድትዞር የተፈቀደላት በስንት ልመና ነው። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሲመጣ ዘወትር ቢቸና አክስቷ ሀብትነሽ ጋ ትቀመጥ ነበር፤ ዘንድሮ ግን አክስቷ አራስ ልጇን ልታርስ ደጀን ወረደች። ሲስተር ስርጉት የድርጅቱን አስተባባሪ ወይዘሮ አስናቀችን ለመነቻቸው። እሳቸውም አሰቡና፣ «ትምጣ» አሉ። «ግን መኪናው ላይ አንድ ነገር እንዳትነካ። የሚነካው ይታያልና መካኒኩ ብቻ ናቸው። የሆነ ነገር ቢበላሽ የምጠይቀው አንቺን ነው፤ ያን ጊዜ ሥራሽም ላይ ነገር ይመጣል።» እናቷ ይህን ቃል ለብሩክታይት ደጋግማ ስለነገረቻት ልጅቷ እንደ ዳዊት በቃሏ ይዛዋለች።

ይዛዋለች እንጂ አልጠበቀችውም። ቢቸና ሳሉ ጋሽ ይታያል ታንከሩን ባፈሰሱ ቁጥር የታመመ ትከሻቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ታያለች። ቫልቩ ቀላል ነገር ነው፤ ከቱቦው አፍ ላይ በሁለት የጎማ ቀለበቶች መካከል የምትንሸራተት ስስ ሳህን ናት። ስትሳብ መንገዱ ይከፈታል፣ ስትገፋ ይዘጋል። ቀለበቶቹን መካኒኮቹ ጎሚኒ ይሏቸዋል። አዲሶቹን ጎሚኒዎች ባለፈው ወር ሞጣ ላይ የገጠሙት ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ መካኒክ ናቸው። የሚገዛ ስላልተገኘ ከጭነት መኪና ካላማዳሪያ፣ ከጎማው ውስጥ አየር ከሚይዘው ላስቲክ፣ ቆርጠው ነው የሠሩት። ውኃ አያስወጡም፤ ግን ሳህኗን አጥብቀው ስለሚይዙ መሳቡ ይከብዳል።

አንድ ቀን ጋሽ ይታያል ታንከሩን አፍስሰው ምሳ ሊበሉ ሲሄዱ ብሩክታይት ከቤት የኑግ ዘይት ጠርሙስ አመጣች። እነሱ ቤት እንቢ ያለ ነገር ሁሉ ኑግ ይቀባል። የአጥሩ በር መወርወሪያ ኑግ ነው፣ የቁም ሣጥኑ ማጠፊያ ኑግ ነው፣ የአክስቷ የስፌት መኪና ኑግ ነው። ሳህኗን እስከ መጨረሻው ስባ ግራና ቀኟን በጣቷ ቀባች። ጎሚኒዎቹንም አጠጣቻቸው። ገፋ ሳብ፣ ገፋ ሳብ ስታደርጋት ሳህኗ ያለ ምንም ድምፅ መመላለስ ጀመረች። ብሩክታይት ደስ አላት፤ እጇን በሣር ጠራርጋ ጠርሙሱን ወደ ቦታው መለሰች።

ማታ ላይ ጋሽ ይታያል በአንድ እጃቸው ሳቡት። «አየሽ ሥራ?» አሉ እየሣቁ። «እንድሪስ እኮ እጁ ወርቅ ነው። ጎማው እስኪለምድ ነው እንጂ።»

ብሩክታይት አብራቸው ሣቀች። ማንም የማያውቀው በጎ ሥራ ሠርቶ በልብ መያዝ ጥሩ ስሜት ነበረው።

አንድ ነገር ግን ረስታለች። ኑግ ከርሞ ምን እንደሚሆን ማንም የቢቸና ልጅ ያውቃል። የጠርሙሱ አፍ ላይ የቀረችው ጠብታ ትወፍራለች፣ ትጎተታለች፣ ከዚያ ክዳኑን ትነክሰዋለች፤ አክስቷ ክዳኑን በጥርሷ ነው የምትከፍተው። ይህን ሁሉ እያወቀች አላሰበችውም። ከቢቸና ተነሥተው፣ ደብረ ወርቅ ላይ ሰንብተው ሠርተው፣ ሞጣ እስኪገቡ ድረስ ኑጉ ሥራውን ሠራ።

ጋሽ እንድሪስ ረፋዱ ላይ በባጃጅ መጡ። በእጅ የሚዘወር ፓምፕ፣ ረጅም የጎማ ቱቦና ልጃቸውን ጁማናን ይዘዋል። ጁማና ከብሩክታይት በአንድ ዓመት ብትበልጥ ነው። ሰማያዊ ቱታ ለብሳ፣ ሂጃቧን አንገቷ ላይ ጠበቅ አድርጋ፣ የመፍቻውን ሣጥን እሷ ተሸክማለች። ባለፈው ወር ብሩክታይት በቅዳሜና እሑድ እናቷን ለማየት ሞጣ በመጣች ጊዜ ተዋውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ በስልክ ይጻጻፋሉ።

«አሁንም እዚህ ላይ ነው የምትተኙት?» አለች ጁማና በሹክሹክታ። «ከዚህ ሁሉ በላይ?»

«አዎ።»

«አይመችም አቦ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ብሩክታይት ትሥቅ ነበር። ዛሬ ፈገግም አላለች። ጁማና አየት አደረገቻትና ሣጥኑን መክፈት ጀመረች።

ቫልቩ የሚፈታው ታንከሩ ባዶ ሲሆን ነው። ስለዚህ ቱቦው በሽንት ቤቱ በኩል ገባና ጋሽ እንድሪስና ጋሽ ይታያል እየተፈራረቁ ፓምፑን ይዘውሩ ጀመር። ሽታው ጤና ጣቢያውን አልፎ መንገዱ ድረስ ወጣ። የሰፈሩ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው አፍንጫቸውን ይዘው ያያሉ። «ሽንት ቤት ተሸካሚው ሊወልድ ነው» አለ አንዱ፤ ሌሎቹ በሣቅ ወደቁ።

ሲስተር ስርጉት ከጤና ጣቢያው ሰፋፊ ሳፋዎች ተውሳ መሣሪያውን ውጭ ታጥብ ጀመር። በዚህ አኳኋን ሁሉንም ሰው ማዳረስ አይቻልም። ግማሾቹ ነገ እንዲመለሱ ተነገራቸው። አንዲት አሮጊት ከድንጋዩ ላይ አልነሣም አሉ። «የእኔ ልጅ፣ ነገ ማን ይመራኛል?» አሉ። «ጎረቤቴ ሥራዋን ትታ ነው ያመጣችኝ። ነገ እሺ አትለኝም።» ብሩክታይት ሰማች። ባልሰማሁ አለች፤ ግን ሰማች።

ቫልቩ የተፈታው ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ነው። ጋሽ እንድሪስ በካቻቢቴ ፈልቅቀው ጎሚኒዎቹን አወጧቸውና ላስቲክ ላይ አስቀመጧቸው። አንዱን አንሥተው አገላበጡት። ወፍሯል፤ ጠርዙም ተወላግዷል።

«ሱብሃነላህ። ይኼን ጎማ ምን ነካው? አብጧል እኮ።»

«ምን ይነካዋል?» አሉ ጋሽ ይታያል። ደክሟቸዋል፣ ትከሻቸውን ያማቸዋል፣ ልብሳቸው ላይ የተረጨውን ነገር ስም መጥራት አይፈልጉም። «የካላማዳሪያ ጎማ ለዚህ አይሆንም ብዬህ ነበር።»

«አላልከኝም ይታያል። ቁረጥልኝ ያልከኝ አንተ ነህ።»

«አሁን ደግሞ እኔን ጥፋተኛ አድርገኝ።»

ብሩክታይት ጋሽ ይታያል ከሰው ጋር ሲጣሉ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። መጣላት እንኳ አይባልም፤ ድምፃቸውን አልጨመሩም። ስልካቸውን አውጥተው ራቅ ብለው ቆሙ። ግን የሚሉት ይሰማል።

«አዎ፣ ወይዘሮ አስናቀች... እሱ ነው፣ የሞጣው መካኒክ። ያስገባው ጎማ ነው የተበላሸው... እኔ እንጃ፣ ለሌሎቹም መኪኖች እንግዲህ እርስዎ ይወቁ። ከእንግዲህ ባሕር ዳር መውሰዱ ሳይሻል አይቀርም... እሺ፣ አስበው ይደውሉልኝ።»

ጋሽ እንድሪስ ሰምተዋል። ከሣጥናቸው የዚያኑ ካላማዳሪያ ትርፍ ቁራጭ አውጥተው አጠፉት፣ ሳቡት፣ ወደ ብርሃን ይዘው አዩት። ቁራጩ ደህና ነው። ቢሆንም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምናልባት ያኛው ወገን አርጅቶ ይሆናል» አሉ ቀስ ብለው፣ ለማንም ሳይሆን። «ምናልባት ሳላይ ቆርጬው ነው።»

ብሩክታይትን ያንገበገባት ይህ ነው። ሰውየው ቢቆጡ፣ ቢከራከሩ ይቀላት ነበር። እሳቸው ግን ያላጠፉትን ጥፋት አምነው ሊወስዱት ነው።

ጁማና ሳፋ ውስጥ ኦሞ በጥብጣ ዕቃዎቹን ልታጥብ ተቀምጣለች። ብሩክታይት አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ጁማና ሳህኗን አነሣች፣ ጠርዟ ላይ ያለውን ቢጫ ነገር በጥፍሯ ፋቀችና አሸተተችው። ከዚያ ሁሉ ግማት መካከል ይህን ሽታ ለይታ ማውጣቷ የሚገርም ነው።

«ኑግ ነው» አለች።

ብሩክታይት መሬት መሬት አየች።

«ጎማ ኑግ ከጠጣ ያብጣል። ጋራዥ ውስጥ ዘይት የነካው ጎሚኒ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።» ጁማና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ማነው የቀባው?»

«እኔ እንጃ።»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ውሸት መሆኑ የተሰማት። ጁማና የብሩክታይትን ፊት ትንሽ አየችና ዐይኗን ወደ አባቷ መለሰች።

«የድርጅቱን መኪኖች በሙሉ የሰጡን ዘንድሮ ነው» አለች። «ታውቂያለሽ? አባቴ ደስ ብሎት የጋራዡን በር ቀለም ቀባው። አረንጓዴ። እማዬ ሙድ ስትይዝበት ነው የከረመችው።»

«ጁማና...»

«ልንገረው?»

«ቆይ። እናቴ... አንቺ አታውቂም። መኪናውን እንዳልነካ ተብያለሁ። እናቴን ነው የሚጠይቋት። ከሥራዋ...» ብሩክታይት ቃሉን መጨረስ አቃታት።

«እሺ» አለች ጁማና። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢኖርባት ይሻል ነበር። «እኔ አልናገርም። ያንቺ ነገር ነው። ግን ከታጠበ በኋላ ሽታውም አይኖርም፤ ብትናገሪም የሚያምንሽ የለም። አባቴ ጨርሽ ብሎኛል።»

«እስክመለስ አትጠቢው። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ድንኳኑ ሩቅ አይደለም። ብሩክታይት ግን ቀስ ብላ ሄደች። እያንዳንዱን ነገር አሰበችው። እናቷ ብቻዋን ያሳደገቻት በዚህ ሥራ ነው። እናቷ ሥራዋን ብታጣ ብሩክታይት ምን ብላ ፊቷን ታያለች? ደግሞስ ወይዘሮ አስናቀች በአንድ የኑግ ዘይት ምክንያት ሰው ያባርራሉ? ላያባርሩ ይችላሉ። ሊያባርሩም ይችላሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ ሮጣ ትጠይቀው ነበር።

የድንኳኑን መጋረጃ ገለጥ አደረገች። ሲስተር ስርጉት የአንድ ሰውዬ ዐይን ላይ አጎንብሳ ትሰፋለች። ቀና ሳትል፣ «ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ። እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።»

«አሁን እጄ ሥራ ላይ ነው። በኋላ።»

«ስለ መኪናው ነው።»

የእናቷ እጅ ለአፍታ ቆመና ቀጠለ። «ብሩኬ፣ ዛሬ ከመኪናው ራቂልኝ። ወይዘሮ አስናቀች ተቆጥተዋል ተብያለሁ። ምናልባት ራሳቸው ይመጡ ይሆናል፤ መኪናው ሥር ሲያገኙሽ ደግሞ ምን ይሉኛል? ሂጂ ሰዎቹን ውኃ አጠጪልኝ።»

«እሺ።»

እሺ ብላ ወጣች። ውኃም አጠጣች። አሮጊቷ አሁንም ድንጋዩ ላይ ናቸው፤ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው መረቋት። «እደጊ፣ እናትሽን ጡሪ» አሏት። ምርቃቱ አንገቷን አስደፋት። እናትሽን ጡሪ። ዝም ካለች እናቷን የጦረች መሰላት። ደግሞ ወደ መኪናው ዞር ስትል ጋሽ እንድሪስን አየች። አዲስ ጎሚኒ ሊቆርጡ ካላማዳሪያውን ዘርግተው መቀስ ይዘዋል። ለኩ፣ ምልክት አደረጉ፣ መቀሱን አስጠጉ፤ ከዚያ ተዉትና እንደገና ለኩ። ባለፈው ወር ይህንኑ ሲቆርጡ አይታቸዋለች። ያን ጊዜ ከጁማና ጋር እየተጫወቱ፣ ዐይናቸው እንኳ ጎማው ላይ ሳይሆን ነበር የቆረጡት። ዛሬ እጃቸውን አላመኑትም።

ብሩክታይት ኩባያውን ተቀብላ ወደ መኪናው ሄደች። ራቂ ተብላለች፤ ግን ሄደች።

ጁማና ሳፋው ፊት ተቀምጣለች። ሳህኗ ከነቢጫዋ ጭኗ ላይ ናት። አረፋው ከሳፋው ላይ ጠፍቶ ውኃው ብቻ ቀርቷል።

«ጁማና፣ ምን ትሠሪያለሽ? አልጨረስሽም?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«መጣሁ አባዬ። ትንሽ» አለች ጁማና። ቀና ብላ ብሩክታይትን አየቻት።

ያኔ የጋሽ ይታያል ስልክ ጮኸ። ጃኬታቸው ከመኪናው መስተዋት ላይ ተሰቅሏል። እሳቸው ከሥር ቱቦውን እየጠረጉ ነው፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ድረስ ለስልክ የሚሆን አይደለም።

«ብሩክታይት፣ እስቲ ከኪሴ አውጪና ጆሮዬ ላይ ያዢልኝ» አሉ። «እሳቸው ይሆናሉ።»

ስልኩን አወጣችው። ወይዘሮ አስናቀች ናቸው፤ ስማቸው ተጽፏል። ስልኩ መዳፏ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አሁን ማድረግ ያለባት ማጎንበስ ብቻ ነው፤ ጎንበስ ብላ ከጋሽ ይታያል ጆሮ ጋር ማስጠጋት። ቀሪውን እሳቸው ይጨርሱታል። ነገ ቫልቩ ይሠራል፣ እናቷ ሥራዋን ትሠራለች፣ እሷም ቢቸና ተመልሳ ትምህርቷን ትቀጥላለች። አረንጓዴው የጋራዥ በር ብቻ ያለ ሥራ ይቀራል።

«ይዘጋል፣ አንሺው እንጂ» አሉ ጋሽ ይታያል።

አነሣችው። ጎንበስ አላለችም። ስልኩን ወደ ራሷ ጆሮ ወሰደችው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ አስናቀች። ብሩክታይት ነኝ፤ የሲስተር ስርጉት ልጅ።»

«ይታያልስ የት ሄደ?» ድምፃቸው ቸኩሏል።

«እዚሁ አሉ። ለእሳቸው ከመስጠቴ በፊት የምነግርዎ ነገር አለኝ። ስለ ጎማው ነው።»

ከመኪናው ሥር የነበረው የመፈግፈግ ድምፅ ቆመ። ጋሽ እንድሪስ መቀሱን እንደያዙ ቀና አሉ። የድንኳኑ መጋረጃ ተከፍቶ እናቷ ብቅ አለች፤ ጭምብሏን ወደ አገጯ አውርዳ፣ ጓንት ያጠለቁ እጆቿን ከልብሷ አርቃ። ስልኩን በብሩክታይት ጆሮ ላይ ስታየው ባለችበት ቀጥ አለች።

ብሩክታይት እናቷን አየቻት። ድምጿን ዝቅ ልታደርገው ፈለገች። አላደረገችም።

«ጋሽ እንድሪስ ምንም አላበላሹም» አለች። «ኑግ የቀባሁት እኔ ነኝ።»